መብረቅ የማይደርስበት አገር

ምንይሉ ይባላል... አምሳለን በሰው ፊት አፈር ድሜ ያስጋጣት!

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ሰው ጢም ባለበት ሬስቶራንት ውስጥ ነው።

የሚያገባት ሮሐና አባቷ ጋሽ ዘሪሁን ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። አምሳለ ጥጉን ይዛለች። ለሰርጉ ከአገር ቤት ያስመጣት እሱ ራሱ ነው።

"እኚህ እናትስ ማን ናቸው?" አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

"እሷ? ኦ... ቤታችን ሠራተኛ ነበረች፣ ያሳደገችኝ ናት። ፋዘርና ማዘርማ ቪዛ ተከልክለው ቀሩ..."

አምሳለ ቀና ብላ አየችው።

ሽማግሌው ጨዋ ናቸው፤ ወደሷ ዞረው "አገርዎ የት ነው እናቴ?" አሏት።

"እኔማ የመንዝ..."

"ይተዋት ጋሼ!" ቀደማት። "አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ የሆንግ ኮንግ ልጅ አለ። በነሱ ቋንቋ በካንቶኒዝ ሩቅ ገጠርን ምን እንደሚሉት ያውቃሉ? 'የመብረቅ አምላክ እንኳ የማይደርስበት ሩቅ!' ሶ... እሷ ከዚያ ነው የመጣችው። መንገድ የለ፣ መብራት የለ... መብረቁ ራሱ በጂፒኤስ አያገኘውም!"

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።

አምሳለ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች።

"የሆንግ ኮንጉ ልጅ በማያውቀው አገር ይቀልድ፣ አልፈርድበትም... አንተ ግን!"

ጣቷን ምንይሉ ላይ ቀሰረች። "መብረቅ አይደርስም አልክ? አባትህን ታዲያ ምን ገደለው?"

ሳቁ ቀጥ አለ።

"በሐምሌ፣ እርሻው መሃል፣ ከነበሬዎቹ ያጋየው ምን ነበር? አንተን በሆዴ ይዤ አይደል ሬሳውን ያነሳሁት?!"

ጋሽ ዘሪሁን ሊጎርሱ ያሉትን መለሱት።

"እናትህ ናቸው?"



አዎ፣ እናቱ ናት! ሠራተኛማ ነበረች... እሱን ከተማ ልካ ለማስተማር የሰው እድፍ ያጠበች!

ጋሽ ዘሪሁን ተነሱ። "እናቱ ላልመረቁት ሰው ልጄን አልድርም" ብለው ሮሐን ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፓልምስ ሰፈር ባለው አፓርታማው ውስጥ፣ ምንይሉ ተንበረከከ። ጉልበቷን ስሞ ሊመረቅ...

አምሳለ ጉልበቷን ሰብስባ በነጠላዋ ሸፈነችው።

"ይሄ ጉልበት ከዚያው ነው የመጣው፣ መብረቅ ከማይደርስበት... ሩቅ ነው ልጄ፣ አትደርስበትም።"

ሻንጣዋንም አንስታ ወጣች።

ስሙኝማ... የወጣችሁበትን ገጠር ስትሰድቡ የምትረግጡት ያባታችሁን መቃብር ነው! "እናት አይደለች፣ ይቅር ትበለው" ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ፣ መጀመሪያ እናታችሁ ጋ ደውሉ።

እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ... ጉልበታችሁን ታስስሙት ነበር?