ከበር የማይነሳው ባል

ባለሚዛኗ ግንበኛው ቤት ስትደርስ እግሯ ዝሏል። ሥራዋ የቸገራቸውን ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ቤት ለቤት እየዞረች ማየት ነው። ሕፃን የምትመዝንበትን ሚዛን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞር ሠፈሩ ስሟን ትቶ ባለሚዛኗ ይላታል። ደመወዟ ለጫማዋ አይበቃም፤ ምክሯ ግን ለአገር ይተርፋል።

ግንበኛው እንደ ልማዱ በሩ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ክንዱ ላይ የጥፍር ጭረት አለ። ሚስቱ ከወለደች ጀምሮ ሥራ ገብቶ አያውቅም።

«ዛሬም ሥራ የለም?» አለችው።

«አለ። አልሄድኩም።»

«ምን ያድርግ፣ ቤት ሞቆታል» አለች አከራይዋ ከግቢው ማዶ ልብስ እያሰጣች።

አራሷ ፀጉሯን አበጥራ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ረጋ ያለች፣ ጨዋ ልጅ ናት። ሕፃኑን አንስቶ ሚዛኑ ላይ ያንጠለጠለው ባልየው ነው።

«ይኼኛው ጨመረ?» አለች አራሷ።

«በደንብ እንጂ። ጡትሽ ይባረክ።»

ደንቡ ሴቲቱ ብቻዋን ትጠየቅ ይላል፤ ባል ካለ ውጣ ይባላል። ይሄኛው ግን በጄ አላለም። ውኃ ቅዳ ቢባል ባልዲው ሙሉ ነው። ሳሙና ግዛ ቢባል ሳሙና አለ። በመጨረሻ ሕፃኑን እንደታቀፈ ደጃፉ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ተወው።

«ይመታሻል?» አለቻት ባለሚዛኗ ቀስ ብላ።

«አይመታኝም።»

«ታዲያ ምን ያደርግሻል?»

«አይተኛም። ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ያድራል። ወጥቼ የምፈልገው ነገር አለኝ፤ አይለቀኝም።»

ባለሚዛኗ ይሄን ዓይነቱን ባል ታውቀዋለች። ትናንት አይመታኝም ያለችውን ዛሬ በቃሬዛ ሲያወጧት አይታለች።

ስትወጣ አከራይዋ እጇን ይዛ ጎትታ ጓዳዋ አስገባቻት። መደርደሪያው ላይ ቢላ፣ መቀስና ምላጭ ተኮልኩሏል።

«የሱ ነው። አስቀምጪልኝ ብሎ ሰጠኝ። ሚስቱን በገዛ ቤቷ ቢላ ነፈጋት እኮ። ሽንኩርቱን እዚህ መጥቶ ራሱ ነው የሚከትፈው። ወንድ ጓዳ ለጓዳ ሲል ደግ ነገር አይደለም።»

በማግስቱ ባለሚዛኗ ሁለት ፖሊሶች ይዛ መጣች። ግንበኛው አልታገለም።

«ምን አድርገሃት ነው?» አለው አንደኛው።

ሚስቱን አየ፤ አከራይዋን አየ፤ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየውን ጎረቤት ሁሉ አየ።

«የቤቴን ጉድ በሰው ፊት አላወራም» አለ። ከዚያ ሕፃኑን ለአከራይዋ ዘረጋላት። «እስክመለስ እርስዎ ይያዙልኝ፣ እትዬ።»

«እናቱ እያለች?» ባለሚዛኗ ሕፃኑን ከእጁ ተቀበለችው። «እዚህ ድረስ ነው ጭካኔህ?»

«እባክዎ እህቴ፣ ብቻዋን አይተዉዋት» አለ።

«ካንተ ጋር ከመሆን ብቻዋን መሆን ይሻላታል።»

ወሰዱት። ጎረቤቱ ከአጥሩ ወረደ፤ አከራይዋም ወደ ልብሷ ተመለሰች። ባለሚዛኗ ሕፃኑን አራሷ ጭን ላይ አስተኛችው። ሌላ ቤት ይጠብቃታል፤ ከዚያም ሌላ። የሆነ ሆኖ ዛሬ አንዲቷን አትርፋለች። ሚዛኗን አንጠልጥላ እግሯን እየጎተተች ወጣች።

አራሷ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ሕፃኑ ላይ ጎንበስ አለች።

«አሁን ሁለታችን ብቻ ነን፤ የእኔን ልጅ የት እንዳደረስከው ትነግረኛለህ» አለችው።