ባዶው ካሬ

ከረጢቱን ከጀርባዬ ደብቄ ቆሜያለሁ። አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ እያነበቡ ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ። ቀይ እስክሪብቷቸው እንደተከደነ ነው፤ ይህ ደግሞ በእሳቸው ቤት ተአምር ነው።

«እንዲህ ነው እንጂ!» ይላሉ። «አሁን ሰው ገባበት።»

ሰው የገባበት በእሳቸው ጭቅጭቅ ነው። የድሮ አዳኞችና ለቃሚዎች የሰፈሩበትን ቦታ ቆፍረን ስንመለስ፣ የጻፍኩት ሁሉ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ሆኖ ነበር። «ድንጋይ ቆጥረሽ ድንጋይ ሰጠሽኝ» አሉኝ። «ሰዎቹስ? አይርባቸውም? አይሳሳቁም? አይኳረፉም? ልጄ፣ እኔ የማነበው መጋዘን ነው እንዴ?» አኮረፍኩ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ የቁፋሮውን ንድፍ እንደገና ዘረጋሁት። በአሮጌው ምድጃ ዙሪያ ያለው መሬት ሁሉ የድንጋይ ፍንጣሪ ሞልቶታል። መሬቱን ከከፋፈልንባቸው ካሬዎች አንዱ ብቻ ባዶ ነው። ለምን ባዶ ሆነ? ሰው ተቀምጦበት፣ ገላው መሬቱን ከልሎት ነዋ! ምዕራፉን ከዚያ ጀመርኩት፦ «እዚህ ቦታ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር።»

ጀርባውን ለነፋስ፣ ፊቱን ለእሳቱ ሰጠሁት። ድንጋይ ሲጠርብ የሚያጎነብሰውን አጎነባበስ ሳይቀር ጻፍኩለት። ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ ወደድኩት። አብሬያት የምኖረው ታላቅ እህቴማ ማታ ማታ «ባልሽ ዛሬም እሳት ዳር ነው?» ትለኛለች።

ዛሬ ጠዋት ባዶ ካርቶን ፍለጋ ዕቃ ክፍል ገብቼ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ የወደቀ አፈር የሞላ ከረጢት አገኘሁ። አልታጠበም፣ አልተነፋም፣ አልተመዘገበም። የዚያው ባዶ ካሬ ቁጥር በራሴ እጅ ተጽፎበታል። ካሬው ባዶ የሆነው ሰው ስለተቀመጠበት አልነበረም፤ አፈሩን ረስተነው ነው።

የምዕራፉ ማስረከቢያ ደግሞ ዛሬ ነው። ይራዘምልኝ እያልኩ ለምኜ ለምኜ ፊቴን ጨርሻለሁ። የትምህርት ክፍሉ ቢሮ ሳይዘጋ ካላስገባሁ ትምህርቴ እዚሁ ያበቃል፤ ይህን በደብዳቤም በቃልም ነግረውኛል።

«ጋሼ» እላለሁ።

«ምነው? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ቁጥሩን ያነባሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ቁጥሩን ደግመው ያነባሉ።

«የሰውዬሽ ካሬ?»

«አዎ።»

«ከፍተሽዋል?»

«አልደፈርኩም።»

ተነሥተው በሩን ይቆልፋሉ። ከማን እንደምንደበቅ አላውቅም፣ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ጥግ ካለው መታጠቢያ ላይ ወንፊት አስቀምጬ አፈሩን እገለብጥና ቧንቧውን እከፍታለሁ። አፈር ብቻ ከሆነ ሰውዬዬ ይተርፋል፤ ፍንጣሪ ከወጣ አለቀለት። ጭቃው ይወርዳል፣ ውሃው እየጠራ ይመጣል። ከወንፊቱ ላይ እንደ ጥፍር ቁራጭ የደቀቁ ፍንጣሪዎች ይቀራሉ። ብዙ ናቸው። 

አማካሪዬ ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ያጎነብሳሉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል።

«ኧረ ይሄማ ግሩም ነው! ትልልቁን ድንጋይ ሰው አንስቶ ይወረውረዋል፤ ደቃቁን ማን ይለቅመዋል? ጠራቢው እግር ሥር ይቀራል። ሰውዬሽ እዚሁ ነበር ማለት ነው! በይ አንዷን አንቀጽ አስተካክይና ሩጪ።»

ደስ ይለኛል፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በጣም ደስ ይለኛል። ወረቀቴን ሰብስቤ እስከ በሩ እሄዳለሁ። ቁልፉን ይዤ ግን እቆማለሁ።

«ጋሼ፣ ካሬው ባዶ ሲሆን ሰው ነበረበት አልን።»

«አዎ።»

«ሲሞላም ሰው ነበረበት አልን።»

«እህ።»

«ታዲያ ምን ቢወጣ ኖሮ ነው አልነበረም የምንለው?»

 መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። «እኔ እንጃ» ይላሉ በመጨረሻ። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደንግጬ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። ያኔ ጽሑፌ ሰው አልነበረበትምና ሞቶ ነበር። አሁን ሰው አለበት፣ ሰውዬው ግን ምንም ማስረጃ ቢመጣ አይሞትም። የቱ ነው የከፋው?

ስልኬ ይጠራል። እህቴ ናት።

«አስገባሽ?»

«ገና ነኝ።»

«ኧረ ልቤን አታውልቂው! ምን ቀረሽ?»

«ሰውዬው… መኖሩን እንጃ።»

«ስንት ሺህ ዓመቱ ነው ከሞተ! አሁን ነው የምትጠራጠሪው? በይ ፍጠኚ፣ በሞቴ።»

ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ዘፍ እላለሁ። መሮጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ምዕራፌን እገልጣለሁ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አያታለሁ። ከጻፍኩት ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። እስክሪብቶ አንስቼ እሰርዛታለሁ፤ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ከላይዋ ባለው ጠባብ ቦታ «ይህ ካሬ ባዶ መስሎን ነበር» ብዬ እጽፋለሁ። ቀጥዬ መደርደሪያውን፣ ከረጢቱን፣ ከወንፊቱ ላይ የቀረውን እጽፋለሁ። ጎበዝ ምሁር እንዲህ ይጽፍ እንደሆነ አላውቅም። ፈታኞቹ ይስቁብኝ ይሆን? ቢሮው ሳይዘጋስ እደርስ ይሆን?

አማካሪዬ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ያነባሉ። ቀዩን እስክሪብቶ ያነሳሉ ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ።

«ከዚያስ?» ይሉኛል።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቀውም።