አንድ እግር ካልሲ

የዝነኛው ዘፋኝ አዲስ አልበም ዓርብ ወጣ። በማግስቱ ሦስተኛውን ዘፈን በቃሉ ያልያዘ የሰፈር ሰው አልነበረም። ታክሲው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም እሱኑ ነው የሚያንጎራጉረው።

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ግን ፊቱን አጥቁሮ ዋለ። ሌላ ጊዜ መቀሱ ቢያርፍ ምላሱ አያርፍም፤ ስለ ኳስ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ጥርስ ሕመሙ ሲለፈልፍ ነው የሚመሽለት። ያን ቀን ግን ጭጭ አለ።

ዘፈኑ ስለ አንዲት ሴት ነው። ስትተኛ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ካልሲ ታደርጋለች። ስትናደድ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። ስትስቅ አፏን በክንዷ ትሸፍናለች።

ሌላ ማን ልትሆን? የገዛ ሚስቱ ናት። እንግዲህ ካልሲዋን ያየ ሰው ምን ያላየው አለ?

ከሱቁ ፊት ለፊት የዘፋኙ ፖስተር ተለጥፏል፤ ጥቁር መነጽር፣ ከሥሩ ነጭ ጥርስ። ቀኑን ሙሉ የሚስቅበት መሰለው። ከቅናቱ ብዛት መቀሱ የአንዱን ደንበኛ ጆሮ ለጥቂት ሳተ። ማስኩን የማያወልቀው ዝምተኛ ደንበኛው፣ «ባለጉንፋኑ» የሚሉት፣ በቀኑ ሳይመጣ ሲቀር እንኳ እፎይ አለ። ለማንም የሚሆን ወሬ አልነበረውም።

ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረ።

«ከየት ነው የሚያውቅሽ?»

«ማን?»

«ዘፋኙ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? እኔ በቴሌቪዥን ነው የማውቀው።»

«ካልሲሽንስ? እሱም በቴሌቪዥን ነው ያየው?»

ሚስቱ ሄዳ የደረቁትን ሳህኖች ማጠብ ጀመረች። ይኼን ሲያይ ይበልጥ ባሰበት።

ስልኳን በረበረ፤ ምንም የለም። ከምትሠራበት ስፌት ቤት ድረስ ተከተላት፤ ምንም የለም። ባጣ ቁጥር «እንዴት ያለች ጠንቃቃ ናት» እያለ ይብሰለሰላል።

በሳምንቱ ሻንጣዋን ዘጋች።

«እናቴ ቤት ነኝ» አለች። «ስታምነኝ ና።»

አልሸኛትም። አንድ ካልሲዋ አልጋው ሥር ቀርቶ አገኘው፤ ሊጥለው አነሳና ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ ሱቁ ጢም ብሎ ሳለ ዘፋኙ በሬዲዮ ለቃለ መጠይቅ ቀረበ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ ድምፁን ራሱ ጨመረው። ዛሬ ስሟን ይጠራል፤ ሰው ሁሉ ይስማና ይፍረደኝ ብሏል በልቡ።

«አገሩ በሙሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው» አለች ጋዜጠኛዋ። «ይቺ ሴት ማን ናት?»

ዘፋኙ ሳቀ።

«እኔ አይቻት አላውቅም። ባሏ ነው፣ ስለ እሷ አውርቶ አይጠግብም፤ እኔ ማስኬን አድርጌ ዝም ብዬ ፀጉሬን እቆረጣለሁ።»