ይኸው አቆምኩ

ሰውየው እኮ ለስኳር በሽታው የሚጠነቀቀው ጥንቃቄ ሌላ ነው። ሻይ የሚጠጣው ያለ ስኳር ነው፤ ሰርግ ላይ ኬክ ካቀረቡለት ሊገድሉት የመጡ ነው የሚመስለው። ሲጋራ ግን ምን አደረገ? ሲጋራ ውስጥ ስኳር የለማ።

አምና የእግሩ ጣት ላይ ቁስል ሲወጣ ሐኪሙ፣ «ሲጋራ ካላቆሙ መቆም ያቆማሉ» አለው። አባባሏ ደስ ስትለው፣ በቃ ለሰፈሩ ሁሉ እንደ ቀልድ አወራት። ከዚያ ቁጭ ብሎ በደንብ አሰበበት። ሲጋራ ቢያቆም ይወፍራል፤ ቢወፍር ስኳሩ ይጨምራል። ስለዚህ የሚያጨሰው ለጤናው ብሎ ነው ማለት ነው። ጭንቅላት እንዲህ ነው እንጂ።

ዛሬም ልጁ ሜላት ለሐኪም ቀጠሮ ልትወስደው ስትመጣ ከበሩ ላይ ጭሱ ተቀበላት።

«አባዬ፣ አቆማለሁ አላልክም?»

«እያሰብኩበት ነው የኔ ቆንጆ። እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ አይወሰንም።»

«አስበህ እስክትጨርስማ አለቀልህ። አሁን አቁም።»

ከፓኮው አንድ ሲጋራ መዘዘና ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመው።

«ይኸው፣ አቆምኩ።»

ሜላት ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን አመለጣት። እሱም እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ከዚያ ተንበረከከችና ባዶውን የግራ ሱሪ እግር እንደወትሮው ወደ ላይ አጥፋ በመርፌ ቁልፍ ያዘችለት። የቀኝ ጫማውን ልታጠልቅለት ስትል እጇን ያዝ አደረጋት።

«ቀስ በይ፣» አላት፣ «እዚህኛው ጣት ላይም የሆነች ነገር ወጥታለች።»