ሙቀት እንዳይነካው

ነርሷ ሰማያዊውን ሣጥን አሣ መሸጫው ውስጥ ያስቀመጠችው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጤና ጣቢያው መብራት ጠፍቶበታል።

«ቀዝቃዛ ክፍል ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው» አለችው። «የትምህርት ቤቱ ልጆች ክትባት ነው፤ እስከ ስምንት ሰዓት አቆይልኝ። ሙቀት እንዳይነካው።» ስልኳ ጮኸ። ምጥ የያዛት ሴት መጥታለች። «የቀረው መመሪያ ክዳኑ ላይ ተጽፏል» ብላ ሮጠች።

አሣ ሻጩ የክትባቱን ጥቅም የሚነግረው አያስፈልገውም። ሚስቱ በማህፀን በር ካንሰር ከሞተች ሰባት ወር ሆናት። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ እንደሆነ፣ ልጃገረዶች ቀድመው ቢከተቡ እንደሚከላከልላቸው ሐኪሙ ያኔ ነግሮታል። ልጁ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ለሚቀጥለው ዙር ዕድሜዋ ያልፋል።

የሚፈራው አማቱን ነበር።

«ልጄን በመርፌ ወጋግታችሁ ቀበራችኋት» ይሉ ነበር። «የልጅ ልጄን ግን እኔ በቁሜ እያለሁ መርፌ አይነካትም።»

ሣጥኑን ጓዳ አስገብቶ ላዩ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው እንደ ዶሮ ታቀፍከው? ይፈለፈላል እንዴ?» አለው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ።

አልሳቀም።

አራት ሰዓት ላይ ሣጥኑን ከፈተው። በጠርሙሶቹ ዙሪያ የተደረደሩት የበረዶ ከረጢቶች ቀልጠዋል፤ ሲነካቸው ውሃው ተንቦጫቦጨ። ደነገጠ። ከክዳኑ ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት ሊያነብ ሲል ኮቴ ሰማ። አማቱ ፔርሙዝ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

ክዳኑን ዘጋው።

«ምንድነው እሱ?»

«አሣ ነው፣ እማማ።»

«አሣ ላይ ይቀመጣል? ሻይ ነው ያመጣሁልህ፤ ተነሥና ጠጣ።»

«እዚያው ያስቀምጡልኝ።»

ሣጥኑን ትኩር ብለው አዩት። «ልጆቹን ስንት ሰዓት ነው የሚወጓቸው?»

«አላውቅም።»

«ታውቃለህ» ብለው ወጡ።

ሻዩን አልቀመሰውም። ትኩሱን ፔርሙዝ ከጓዳው አውጥቶ ደጅ አኖረው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሸጥ አንድ አሣ ሸትቶበት አያውቅም፤ ማቀዝቀዝን ከወረቀት አይማርም። የቀለጡትን ከረጢቶች አውጥቶ ጣለ። በረዶ ፈጨና ጨው ነሰነሰበት፤ ጨው የገባበት በረዶ ከተራው በረዶ ብሶ ይቀዘቅዛል፣ እጅ ያቃጥላል። ጠርሙሶቹን በላስቲክ እየጠቀለለ በረዶው ውስጥ እስከ አንገታቸው ቀበራቸው። ተመልሶ ተቀመጠበት።

በስምንት ሰዓት ሣጥኑን ተሸክሞ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ልጃገረዶቹ ተሰልፈዋል። ከፊት የቆመችው የእሱ ልጅ ናት። እጇን ጨብጠው የያዟት አማቱ ናቸው።

ሣጥኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። «እማማ፣ የዛሬን ይተዉኝ።»

«ምን አደረግሁህ? ከክፍሏ ያመጣኋት እኔ ነኝ» አሉት። ድምፃቸው ቀጠነ። «እናቷን የቀበርናት በመርፌ አይደለም፤ ዘግይተን ነው። በሉ ቶሎ በሉ፣ እጅጌዋን ጠቅልያለሁ።»

በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለና ሣጥኑን ለነርሷ አስረከበ።

ነርሷ ከፈተችው። አንዷን ጠርሙስ አንሥታ ዘቀዘቀቻት፤ ውስጧ ያለው አልተንቀሳቀሰም። ሌላዋንም አነሣች። ከዚያ የክዳኑን ጀርባ ወደ እሱ አዞረች።

«ከሙቀት ይጠበቅ። በረዶ የሠራ ክትባት ይጣላል፤ ለማንም አይሰጥም።»