በትንፋሽ የተጀመረው ልምምድ

«መሪው ቀረ እንዴ?» አሉ አዛውንቱ ቫዮሊን ተጫዋች ሚስተር ማክኒል፣ ወጣቷ ሙዚቀኛ ፍሉቷን፣ የብረት ዋሽንቷን፣ ስትገጣጥም እያዩ።

«የምመራውም እኔ ነኝ።»

«ሁለቱም እጅሽ ተይዞ? በምንሽ ልትመሪን ነው፣ በቅንድብሽ?»

ኦርኬስትራው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ዛሬ አብረው መጀመር ካቃታቸው የቅዳሜው ኮንሰርት ለሌላ መሪ ሊሰጥ ነበር። ፍሉቷን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች። ድምፁን ልትሞክር ብቻ ብላ በረጅሙ አየር ስትስብ ትከሻዋ ከፍ አለ።

ያንን እንደ ምልክት ወስዶ አርባውም ተጫዋች በአንድ ላይ ጀመረ። አንድም የቫዮሊን ቀስት ወደኋላ አልቀረም። ሚስተር ማክኒል ዓይናቸውን ከትከሻዋ ሳይነቅሉ ይጫወቱ ነበር። የእሷ ተራ ሲደርስ ግን በደስታ ፈገግ ብላ ነበር፤ ፈገግ ያለ ከንፈር ፍሉት አይነፋምና ባዶ አየር ብቻ ወጣ።

«እኛስ ደርሰናል» አሉ ሽማግሌው፤ «አንቺ የት ቀረሽ?»

ከንፈሯን እንደምንም ሰበሰበች። ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ቅዳሜም ኮንሰርቱን እየነፋች መራችው።