ዳኛዋና አባቷ

ኳሷ ከፋርማሲስቱ የቴኒስ ራኬት ተፈናጥራ ስትነሣ፣ ውጪ እንደምታርፍ ተጋጣሚው፣ የቀድሞው በረኛ፣ ገና አየር ላይ ሳለች አወቀ። ፋርማሲስቱ ሲደነግጥ ከልክ በላይ ይመታል። ኳሷ መረቡን ከፍ ብላ አልፋ፣ ከመጨረሻው ነጭ መስመር ወዲያ እየበረረች ነበር። ከበረኛው የሚጠበቀው ዝም ብሎ ቆሞ ማየት ብቻ ነው።

እጁ ግን አልሰማውም። ሃያ ሁለት ዓመት የእግር ኳስ ግብ የጠበቀ እጅ፣ ኳስ ሲያልፈው ያንገበግበዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ብድግ ብሎ፣ መሬት ሳትነካ በግራ እጁ ቀለባት። በስልሳ አንድ ዓመቱ! ደስ ብሎት ኳሷን ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየ።

የሜዳው ጸጥታ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ከፍ ካለው የዳኛ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጁ ናት። ለእሱ ተራ የጀማሪዎች ጨዋታ ነው፤ ለእሷ የዳኝነት ፈቃድ ፈተና። ጀማሪ ዳኛ የሚፈተነው በጀማሪ ተጫዋቾች ነው፤ የስህተቱን ዓይነት ሁሉ የሚሠራው ጀማሪ ነዋ። ዕጣው እሱ ላይ ሲወጣ፣ ፈታኟ፣ ቆፍጠን ያለች ሴትዮ፣ "አባቷ ናቸው? እንዲያውም ደግ ሆነ፤ እዚያው እናያታለን" ብላ ከወንበሩ ሥር ተቀመጠች። ልጁ ደግሞ ጠዋት፣ "አባዬ፣ ዛሬ አላውቅህም፤ እንዳትጠቅሰኝ" ብላው ነበር።

ሕጉን አያውቀውም እንዳይባል ከእሷ እኩል ሸምድዶታል። ሦስት ወር ሙሉ የእራት ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ አስምራ፣ የክብሪት ቀፎ መረብ አድርጋ ስታጠና አድማጯ እሱ ነበር። አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ። መስመር የነካች ኳስ ገብታለች። ለማስጀመሪያ ምት ሁለት ዕድል አለ። ወደ ውጪ የምትሄድ ኳስ እንኳ ብትሆን፣ መሬት ሳትነካ የነካት ሰው ነጥቡን ያጣል። ይቺን የመጨረሻዋን ሁለቴ አስደግማዋለች፤ ታውቀዋለቻ።

በመጨረሻው ዙር ፋርማሲስቱ አርባ፣ እሱ ሠላሳ ነበሩ፤ ለፋርማሲስቱ አንድ ነጥብ የማሸነፊያው ናት። ኳሷን ቢተዋት ኖሮ አርባ እኩል ይሆኑ ነበር።

"ውጪ ናት እኮ! በሁለት ሜትር!" አለ አንዱ ከተመልካቾች አግዳሚ።

"እኔም አይቻለሁ" አለ ፋርማሲስቱ መረቡ ድረስ መጥቶ። ደግ ሰው ነው። "ነጥቡን ለጋሼ ስጪያቸው። በዚህ አሸነፍኩ ብዬማ ቤቴ አልገባም።"

የፈታኟ እስክሪብቶ ቆመ። በረኛው ቀና ብሎ ልጁን አየ። ሲጨንቃት ከንፈሯን ትነክሳለች፤ አሁንም ነከሰች። ወደ እኔ እንዳታዪ፣ አላት በልቡ፤ የኔ ልጅ፣ ወደ እኔ ብቻ እንዳታዪ።

አላየችውም።

"ተጫዋቹ ኳሷን መሬት ሳታርፍ ነክተዋል። ነጥቡ የተጋጣሚያቸው ነው። ጨዋታው አልቋል።"

"ኧረ አባቷን!" አለ ያው ሰውዬ፣ ሳቅ በሳቅ ሆኖ። "ዛሬ ማን ቤት ሊያስገባት ነው?"

በረኛው በዘመኑ ስንት ዳኛ ላይ ጮኋል! አንዱንማ እስከ መኪናው ድረስ አሯሩጦታል። ዛሬ ግን ደረቱ በኩራት ተነፋ። ተሸንፎ እንዲህ የሚኮራ ሰው አይቶም ሰምቶም አያውቅ።

"ሰማችሁ?" ብሎ ወደ አግዳሚው ጮኸ። "ሕጉ ነው! ዳኛዋ ልክ ናት! ቁርጥ ያለ..."

"ተጫዋች፣ ጸጥታ" አለችው ከላይ።

"እሺ" አለ። ፈታኟ እንኳ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች።

ጨዋታ ሲያልቅ ተጫዋች ዳኛን መጨበጥ አለበት። ፋርማሲስቱ አፍሮ ጨብጧት ሄደ። በረኛው ተራው ሲደርስ፣ ወንበሩ ከፍ ያለ ነውና ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ። ድምጿ ፍንክች ያላለው ልጅ እጇ በላብ ርሷል፤ ይንቀጠቀጣል። ፈታኟ ሁለት እርምጃ ርቃ ትጽፋለች።

በረኛው ሁለተኛ እጁንም ጨመረና፣ መንቀጥቀጧ እስኪያልፍላት ድረስ ማንም እንዳያይ ሸፍኖ ያዘላት።